ቀስ ብሎ ከሚያስብ ልጅ ጋር የቤት ሥራ መሥራት

ልጄ ሲጠየቅ ወዲያው አይመልስም። ዝም ይላል። ዓይኑን ወደ መስኮቱ ይወረውራል። የማያውቀው ሰው ወይ አልሰማኝም ወይ አልገባውም ብሎ ይደመድማል። ትንሽ ከታገሡት ግን መልሱ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። የሚታገሠው ሰው ማግኘት ነው የሚከብደው።

አንደኛ ክፍል እያለ ጠባዩ ነው ብለን አለፍነው። ሁለተኛ ክፍል ሲገባ የቤት ሥራው በዛ። አንድ ገጽ የሂሳብ ልምምድ ማታውን በሙሉ ይበላው ጀመር። እራት ይቀዘቅዛል፣ የመኝታ ሰዓት ያልፋል፣ እሱ ያለቅሳል፣ የእኔም ድምፅ ከፍ ይላል። ጠዋት እንቅልፍ ሳይጠግብ ይነሣል። እንቅልፍ ያጣ ቀን ደግሞ ከወትሮውም ይብስበታል። ማታ ስንገናኝ እንደገና ከዚያው እንጀምራለን። አሁንም በዚህ ውስጥ ያላችሁ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

መጀመሪያ የሞከርናቸው ዘዴዎች ሁሉ እሱን ለማፍጠን ነበሩ። የስልክ ሰዓት ሞልተን ፊቱ አስቀመጥን። ዓይኑ ከደብተሩ ተነሥቶ ሰዓቱ ላይ ተተከለ። «ቶሎ ከጨረስክ ትጫወታለህ» አልነው። አንድ ማታ በገጹ ላይ ያለውን ጥያቄ ሁሉ 5 ብሎ መልሶ «ጨረስኩ እማ!» ብሎ አመጣልኝ። ቶሎ ጨርስ ስለተባለ ቶሎ ጨረሰ። ቅዳሜና እሑድ ተጨማሪ ልምምድ ስንሰጠው የባሰ ነገር መጣ፤ ደብተሩን ገና ሲያይ ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረ። ልጃችሁ ደብተር ሲወጣ ሆዱን ወይም ራሱን የሚያመው ከሆነ አስመሰለ ብላችሁ አትለፉት። ጭንቀት ራሱ አእምሮን ያዘገያል። ሲጣደፍ ይጨነቃል፣ ሲጨነቅ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል።

ነገሩን ያሳየችኝ ትልቋ ልጄ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓዳ ሆኜ ልብስ ሳጣጥፍ የሁለቱ ጨዋታ ይሰማኛል። እሷ መምህር ሆናለች። እሱ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቷል። የእሱን ደብተር ይዛ «ከ14 ላይ 6 ሲቀነስ?» ትለዋለች። ጠይቃው ወደ ራሷ ሥዕል ትመለሳለች፤ ቀለም መቀባቷን ትቀጥላለች። አታየውም። ጥያቄውን አትደግምለትም። ዝምታው ረዘመ። እኔ ብሆን በዚያ መሃል ሁለት ጊዜ «እሺ፣ ስንት ነው?» ብዬው ነበር። ከዚያ «ስምንት» አለ። ጻፈችለትና ወደሚቀጥለው አለፈች። ገጹን እስከ መጨረሻው እንዲህ ጨረሱት። ያለቀሰም፣ ሆዴን ያለም የለም።

እሷ ሳታውቀው ሁለት ነገር አድርጋለታለች። አንደኛ፣ በዝምታው ውስጥ አልገባችበትም። እያሰበ ያለን ልጅ ጥያቄውን ስንደግምበት የረዳነው ይመስለናል። እሱ ግን የጀመረውን ሐሳብ ጥሎ አዲሱን ድምፅ መስማት አለበት፤ ስለዚህ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ጽሕፈቱን ወሰደችለት። ለእኛ 8 ብሎ መጻፍ ምንም አይደለም። ለእሱ ግን እርሳሱን መያዝ፣ የቁጥሩን ቅርጽ ማስታወስ፣ መስመሩን መጠበቅና መልሱን ሳይረሳ መያዝ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ አራት ሥራዎች ናቸው።

ስለ መጠበቅ በኋላ ያነበብኩት ነገር አለ። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳዩ። ያንን ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያስረዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ መልስ ሳይሰጡ የሚቀሩትም ቀነሱ። ይህ እንግዲህ ለማንኛውም ልጅ ነው። የእኔ ልጅ ከ3 ሰከንድም በላይ ይፈልጋል። እኔ ጠይቄው በልቤ እስከ አስር እቆጥራለሁ፤ እየቆጠርኩም ፊቱን አላይም፤ እጄን በሌላ ነገር አስይዛለሁ። የሚያፈጥበት ዓይን ሲጠፋ መልሱ ቶሎ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ወደ ባለሙያ ሄድን። ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ፤ ያለ ቅደም ተከተል የሚንከራተት ቤተሰብ አይቻለሁ። መጀመሪያ ዓይንና ጆሮ ይታይ። በደንብ የማያይ ወይም የማይሰማ ልጅ ከሩቅ ሲያዩት ቀርፋፋ ይመስላል። ቀጥሎ እንቅልፉን ተመልከቱ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። የሚያንኮራፋ ልጅ ካላችሁ ለሐኪም ንገሩ። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ልጁ ነገር እየሠራ ድንገት ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ የሚቀር፣ በዚያ ጊዜ ሲጠሩትም ሲነኩትም የማይሰማ ከሆነ ቶሎ ሐኪም ጋ ይሂድ። ልጁ ሳይወድቅና ሳይንቀጠቀጥ እንዲህ በመፍዘዝ ብቻ የሚታይ የሚጥል በሽታ ዓይነት አለ፤ ሕክምናም አለው። የእኛ ልጅ ስሙን ሲጠሩት «አቤት» ይላል፤ ሐኪሙ ይህን ጠይቆን ነበር።

በመጨረሻ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ዘንድ ቀረብን። ዌክስለር የሚባለውን የልጆች የማሰብ ችሎታ ምርመራ ሰጠችው። በውስጡ ፍጥነትን ብቻ የሚለኩ ክፍሎች አሉ። አንደኛው ላይ ልጁ ምልክቶችን እያየ በ2 ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል ይገለብጣል። የምርመራው አማካይ ውጤት 100 ነው፤ ከ3 ልጆች 2ቱ ያህል ከ85 እስከ 115 ውስጥ ናቸው። የልጄ የቋንቋና የማመዛዘን ውጤት ከአማካይ በላይ ሆነ። የፍጥነቱ ግን ከ85 በታች። ባለሙያዋ ወረቀቱን እያሳየችኝ «ጎተራው ሙሉ ነው፤ በሩ ነው የጠበበው» አለችኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ ደስታም ነበረበት። ሰነፍ አይደለም፣ ደደብ አይደለም፣ እልኸኛም አይደለም።

እንዲህ ያለው ዝግታ ብቻውን የበሽታ ስም አይደለም። ትኩረት የመሰብሰብ ችግር ካለባቸው፣ ማንበብ ከሚያስቸግራቸው ወይም በጣም ከሚጨነቁ ልጆች ጋር አብሮ ይገኛል። ብቻውንም ይገኛል። ስለዚህ ምርመራ ማድረግ ከቻላችሁ አድርጉ፤ የትኛው እንደሆነ ሲታወቅ እርዳታው ይለያል። ካልቻላችሁም ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ያለ ምርመራ የሚሠራ ነው። ማንንም ልጅ አይጎዳም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው መምህርቷን ካነጋገርን በኋላ ነው። ከመሄዴ በፊት ለተወሰኑ ቀናት በደብተሩ ጠርዝ ላይ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት በእርሳስ ጻፍኩ። ይህን አድርጉ። «ልጄ በጣም ይዘገያል» ብሎ መናገርና ያንን ደብተር ገልጦ ማሳየት አንድ አይደለም። መምህርቷ ሰዓቶቹን አይታ ደነገጠች። «እኔ እኮ 20 ደቂቃ ይበቃዋል ብዬ ነው የምሰጠው» አለች።

20 ደቂቃው ከየትም የመጣ አይደለም። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያውቁት መለኪያ አለ፦ በክፍል ደረጃው ልክ 10 ደቂቃ። አንደኛ ክፍል 10፣ ሁለተኛ ክፍል 20፣ ሦስተኛ ክፍል 30። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የሠሩት የዱክ ዩኒቨርሲቲው ሃሪስ ኩፐር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የቤት ሥራ ጥናቶችን ገምግመው አሳትመዋል። በትንንሽ ክፍሎች በቤት ሥራና በትምህርት ውጤት መካከል ያለው ግንኙነት ከትልልቅ ክፍሎች ይልቅ በጣም ደካማ ነው። ይህን ሳነብ ስንቱን ማታ አስታወስኩ! ልጅን እስከ እኩለ ሌሊት ጥያቄ ቁጥር 20 ላይ ማድረስ የሚያስገኝለት ነገር ያን ያህል አይደለም።

ከመምህርቷ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። ልጁ በሙሉ ልቡ 20 ደቂቃ ይሠራል። ሰዓቱ ሲያልቅ የደረሰበት ቦታ ላይ መስመር አሰምራለሁ፤ ፈርሜ «እዚህ ድረስ ሠርቷል» ብዬ እጽፋለሁ። ከመስመሩ በታች ያለው አይቆጠርበትም። በሂሳብ ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ጥያቄዎች ብቻ ይሠራል። አምስት የመቀነስ ጥያቄ በትክክል የሠራ ልጅ መቀነስ ያውቃል፤ አስር ቢሠራ የሚጨምርለት የለም። መምህርቷ መጀመሪያ የፈራችው ሌሎቹ ልጆች አድልዎ ነው እንዳይሉ ነበር። «እነሱም እኮ 20 ደቂቃ ነው የሚሠሩት» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ልክ ነሽ፣ ጊዜው እኩል ነው» አለች። እናንተም ይህን ጥያቄ አይቀርላችሁም፤ መልሱን ይዛችሁ ሂዱ።

መምህሩ እሺ ካላለስ? አንድ ነገር ብቻ ለምኑ፦ ያልተጨረሰው በእረፍት ሰዓት አይሠራ። ቀስ ብሎ የሚያስብ ልጅ ከማንም በላይ እረፍት ይፈልጋል፤ እንደ ቅጣት መጀመሪያ የሚወሰድበትም እረፍቱ ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል።

አሁን ወደ ቤት ልግባ። የምሽቱን አካሄድ ቀየርነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ስለ ትምህርት አንጠይቀውም። ይበላል፣ ይሮጣል። ቀኑን ሙሉ ሌሎች ልጆች ያለ ሐሳብ የሚያልፉትን ነገር ሁሉ እየታገለ ውሎ ነው የሚመጣው። ግን ደግሞ እስከ እራት አናቆየውም፤ ሲመሽ ይደክማል። እኛ ቤት የተሻለው ሰዓት ከእራት በፊት ያለው ነው። የእናንተን ሞክራችሁ እወቁት። አንዴ ካወቃችሁት አትቀያይሩት። እንዲህ ያለ ልጅ አዲስ ነገር መጀመር ይከብደዋል፤ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ወንበር ሲሆን ለመጀመር የሚያጠፋው ጊዜ ያጥራል።

ስንቀመጥ የመጀመሪያውን ጥያቄ አብረን እንሠራለን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ያስባል። ሁለተኛውን እሱ ይሠራል፣ እኔ አጠገቡ እሆናለሁ። ከሦስተኛው ጀምሮ ብቻውን ነው። የቀረውን ገጽ በነጭ ወረቀት እንሸፍነዋለን፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ይታያል። ሲጨርስ ወረቀቱን ራሱ ወደ ታች ይስባል። ይህን ስስብ ደስ ይለኛል ይላል። ለሂሳብ ባለ ካሬ ደብተር ገዛን። አንድ ካሬ፣ አንድ ቁጥር። አስሩ ከአስር በታች፣ አንዱ ከአንድ በታች መቀመጡን በዓይኑ እየፈለገ የሚያጠፋው ጊዜ ቀረ።

ትእዛዝ አንድ በአንድ። «ደብተርህን አውጣ፣ ገጽ 12ን ግለጥ፣ ቀኑን ጻፍ» ካልኩት ደብተሩን ያወጣና ይቆማል። ሌላው ጠፍቶበታል። አሁን «ደብተርህን አውጣ» እላለሁ። ያወጣል። «ገጽ 12።» ይገልጣል። ለአዋቂ ጆሮ ይሰለቻል፤ ጊዜውን ግን በግማሽ ያህል ቀንሶልናል።

ምንባብ ላይ ጥያቄዎቹን አስቀድመን እናነባለን። የሚፈልገውን አውቆ ሲያነብ ወደ ኋላ እየተመለሰ አይባዝንም። አንድ አንቀጽ እኔ፣ አንድ አንቀጽ እሱ እንቀባበላለን። የድርሰት ዓይነት ነገር ሲሰጠው መጀመሪያ በቃሉ ይነግረኛል። ያለውን እንዳለ በወረቀት እጽፋለሁ፤ አላሳምርለትም። ከዚያ እያየ ይገለብጣል። አንዳንዴ ሐሳቡን ስልክ ላይ በድምፅ ቀድቶ መልሶ እየሰማ ይጽፋል። ሐሳብና ጽሕፈት ሲለያዩለት እንዲህ የሚያስብ ልጅ መሆኑን እኔም ገና አወቅሁ። ስለ ጨረቃ የነገረኝን ነገር አባቱ ሥራ ቦታ ድረስ ወስዶ አንብቦላቸዋል።

ጽፎ መስጠት አደጋ አለው፤ ሳላነሣው አላልፍም። ወላጅ ቀስ በቀስ የቤት ሥራውን ራሱ መሥራት ይጀምራል። እኔ የምጽፈው እሱ የተናገረውን ብቻ ነው። ስሕተት ከተናገረ ስሕተቱን እጽፋለሁ፤ መምህርቷ ማየት አለባት። በየጊዜውም የእኔን ድርሻ እቀንሳለሁ። መጀመሪያ ገጹን ሁሉ እጽፍለት ነበር። ቀጥሎ ተራ በተራ ሆነ። አሁን የምጽፍለት በጣም የደከመ ቀን ብቻ ነው። ከጠርዙ ላይ «እማ ጻፈች» ብዬ አስታውቃለሁ።

መሃል ላይ እረፍት እንሰጣለን፤ 10 ደቂቃ ሠርቶ ተነሥቶ ይዘላል፣ ውሃ ይጠጣል። ስክሪን ግን አይከፈትም። ከስክሪን ማላቀቅ ራሱን የቻለ ሌላ ጦርነት ነው።

ሰዓት አሁንም እንጠቀማለን፤ አጠቃቀሙ ግን ተቀይሯል። ድሮ ሰዓቱ «ፍጠን» የሚል ነበር። አሁን «ሲጮህ ትነሣለህ» የሚል ነው። እኔ ጋ ዞሮ ነው የሚቀመጠው፤ እሱ አያየውም። መጨረሻ እንዳለው ያወቀ ልጅ ለመጀመር አይፈራም። ሥራው ማለቂያ የለውም ብሎ ሲያስብ ነበር የሚያለቅሰው።

ቤት ውስጥ «ቶሎ በል» የሚለውን ተውን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ትልቋም ጭምር። ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር፤ ከአፍ ሳይታሰብ ይወጣል። በእሱ ምትክ ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር እንነግረዋለን፦ «አሁን ጫማ» ፣ «አሁን ቦርሳ»። ዘመድ ሲመጣ ደግሞ «ይሄ ልጅ ፈዛዛ ነው» የሚል አይጠፋም። አያቱ ትወደዋለች፤ ግን ፊቱ ላይ ትለው ነበር። አንድ ቀን ብቻዋን ሳገኛት «እማማ፣ እሱ እኮ ይሰማል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ትጠይቀውና እጇን አጣጥፋ ትጠብቀዋለች። አሁን ከማንም ይልቅ ረጅም ወሬ የሚያወራው ከእሷ ጋር ነው። ቤተሰብን ማስረዳት አይቅርባችሁ፤ አብዛኛው ሰው ሳያውቅ እንጂ ከክፋት አይደለም።

እሱንም አስረዳነው። በዕድሜው ልክ፣ ሳናስፈራራው። «አንተ አሳምረህ ታስባለህ፤ መልሱ ለመውጣት ጊዜ ይወስድበታል፤ ጊዜ መጠየቅ ትችላለህ» አልነው። አንድ ዓረፍተ ነገር አብረን ተለማመድን፦ «እያሰብኩ ነው፣ ጠብቂኝ»። ክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ ይህንን ማለቱን መምህርቷ ደውላ ስትነግረኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ መናገር ይከብደኛል። ዝም ያለ ልጅ ይታለፋል። «እያሰብኩ ነው» ያለ ልጅ ይጠበቃል።

ባለሙያዋ አንድ ነገር በግልጽ ነግራናለች። የማሰብ ፍጥነት ከዕድሜ ጋር ይጨምራል፤ እስከ ጉርምስና ድረስ የልጆች ሁሉ ፍጥነት እያደገ ይሄዳል። የእኩዮቹም አብሮ ስለሚያድግ ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እስኪድን እየጠበቅን አይደለም። የሚኖርበትን መንገድ እያስተማርነው ነው።

አሁን አራተኛ ክፍል ነው። የቤት ሥራ ከሞላ ጎደል ሰላም ሆኗል። ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጠው በጽሑፍ ጠይቀን ተፈቅዶለታል። እናንተም ስትጠይቁ በጽሑፍ ይሁን፤ መምህር ሲቀየር የቃል ስምምነት ይጠፋል። የእኛ አንዴ ጠፍቶብን ከመጀመሪያው ጀምረናል። አሁን የሚያታግለን ከሰሌዳ መገልበጥ ነው። ሰሌዳው ሲጠፋ እሱ ገና ግማሽ ላይ ነው። በዚህ ወሰነ ትምህርት አብሮት የሚቀመጠው ልጅ ደብተሩን ፎቶ አንሥተን እንድንወስድ ፈቅዶልናል፤ አዲሷ መምህሩ ደግሞ ዋና ዋናውን ነጥብ በወረቀት አትማ ልትሰጠው ቃል ገብታለች። የትኛው እንደሚሻል እያየን ነው።